የግራ እጅጌው ስሕተት

ዛንድሃቨን ወደብ፣ ከመብራት ማማው ሥር፣
ጨው የበላው መዝጊያ፣ ዝቅ ያለ በር፤
ሁለት ዩሮ ከፍለህ፣ አጎንብሰህ ስትዘልቅ፣
ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል የሸራው እራፊ ጨርቅ።
የዓሣ በርሜል አለ፣ ክዳኑ የጠፋ፤
መልሕቁም እንደ ሰካራም ጥግ ይዞ አንቀላፋ።

ከሁሉ መጨረሻ፣ መስኮቱ አጠገብ፣
በመስታወት ሣጥን አንድ ሰማያዊ ሹራብ።
ጽሑፉ አጭር ነው፦
«ባለቤቱ ክራይን። ባሕር ላይ የቀረ።»
ክራይን ቀረ። ሹራቡም ቀረ።
አንዱ ቃል ለሁለት ጌታ አደረ።

በዚያ ዳርቻ ልማድ፣
መንደር በጥለቱ ይለያል ከመንደር፤
አንዱ መሰላል ነው፣ አንዱ የማዕበል ጀርባ፣ አንዱ የዓሣ አጥንት ድርድር፤
ባሕር ፊትን በልቶ ሲተፋ ከዳር፣
ሬሳው ራሱ እንዲናገር፣ የት እንደሚቀበር።

ፒተርኔላ ግን ጨመረች። ከግራ እጅጌ ጫፍ
አንዲት ዓይን ዘለለች፣ አውቃ፣ በሰባተኛው ረድፍ።
ከሺህ ሰጣሚ መሐል የእሷን እንድትለይ፣
ማኅተሟ ስሕተት ሆነ፣ ሌላ ሰው የማያይ።

የዚያን ቀን ማለዳ ሹራቡ እርጥብ ነበር፤
ከጓሮ ተሰጥቶ፣ ውኃ እያንጠባጠበ ባጥር።
«ጠብቅ፣ ይደርቃል» ስትል፣ «ሙላት መች ይጠብቃል» ብሎ፣
እጅጌው የሚያጥረውን የወንድሟን ሹራብ አጥልቆ ወጣ ቸኩሎ።

አሥራ ሁለት ሆነው ወጡ። ሦስት ቀን ነፈሰ።
በአራተኛው፣ የመቅዘፊያ ስባሪ ብቻ ተመለሰ።

ወር ቆይቶ፣ ባሕሩ፣ ከሌንደርት መንደር ዳርቻ
አንድ ሰው አስረከበ፤ ፊት የለው፤ ሹራብ ብቻ።
«የእኛ ጥለት ነው» አሉ፤ ሣጥን ሠሩ፣ ጸለዩ፤
ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ የጎደለ ሰው ግን አላዩ።
«ቢሆንም የእኛ ነው» አሉ፤
ስም በሌለው ድንጋይ ሥር አፈሩን መለሱ፣ አለቀሱ፣ ሄዱ።

ሌንደርት ልብሱን አወቀ፤ ለእህቱ ነገራት።
«ተወው፤ በደንብ አልቅሰውለታል» ብላ መርፌዋን አነሣት።

ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው። ያኮሚና፣ የልጅ ልጇ፣
ወለሉን ጠርጋ ስትጨርስ፣ የሣጥኑ ቁልፍ ከእጇ፤
ሰባተኛውን ረድፍ በአውራ ጣት ትዳስሳለች፤
በመስኮቱ አሻግራ ሙላቱን ታያለች፤
ከዚያ፣ ደጅ ላይ የቆመ ሰው እንደሚጠሩ፣ በዝግታ፣ ያለ እንባ፣
«ደርቋል» ትለዋለች።
«ደርቋል። ግባ።»