ሁለት ማንኪያ ምንም

ረፋድ አራት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ስደርስ፣
የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡሴ ሲተነፍስ፣
በር ዘግቼ፣ ሞተር አጥፍቼ፣
የልብስ መቆንጠጫ ከኪሴ አውጥቼ፣
አፍንጫዬን በእንጨት ቀርቅሬ ዘግቼ፣
ሁለት ማንኪያ ዘይት ከብልቃጥ ቀድቼ፣
ጭልጥ።
ሽታ የላት፣ ጣዕም የላት፣ ቀለሟም የውሃ፣
ሰው እንደሌለበት እንደ ሌሊት በረሃ።
ከሷ በፊት አንድ ሰዓት፣ ከሷ በኋላ አንድ ሰዓት፣
ከውሃ በቀር አልቀምስም፤ ይኸው ነው ሥርዓት።

«ጾም ነው ወይ?» አለኝ ትሬቨን፣ መካኒኩ፣
ከጎማ ሥር ብቅ ብሎ፣ ግሪስ ሆኖ መልኩ።
አይደለም። ጾመኛ ይርበዋል፤ ዋጋውም እሱ ነው፤
የእኔ ግን ረሃቡ ራሱ ነው የጠፋው፣
እንደ ጃንጥላ፣ እንደ ቁልፍ፣ የት እንደጣልኩት እንጃ፤
ወንበር ሥር አጎንብሼ ፈለግኩት፣ የለም ማስረጃ።

ዓርብ ማታ፣ ሚልዋኪ፣ ዓሣ ቤቱ ሞልቶ፣
ሌስተር፣ የእህቴ ባል፣ ቢራውን ከፍቶ፣
ሠላሳ ዓመት ቋሊማ የሞላ ጣቱን በኔ ላይ ቀስሮ፣
«ዘይት ጠጥቶ መክሳት? እሳትን በጋዝ ማጥፋት ተጀመረ ዘንድሮ!»
ሳቁ። አስተናጋጇም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ ትንሽ፤
እህቴ ጆይስ ብቻ፣ «ሐኪም ያውቃል? ዶሪን፣ ምን ነካሽ?»

ስለዚህ አስረዳኋቸው፣ የጨው ዕቃውን ጎተራ ብዬ፣
ቢላውን ምላስ አድርጌ፣ ሹካውን ሆድ አስመስዬ፦
ምላስ፣ አልኳቸው፣ የጎተራ ጸሐፊ ነው፤
የገባውን ሁሉ በጣዕሙ መዝግቦ ለሆድ የሚልከው።
ቅቤን በስሙ፣ ስኳርን በስሙ፣ ጥብሱንም በማኅተሙ፤
ሆድም፣ «የጥጋብ ዘመን ነው» ይላል፣ «ሰብስቡ፣ አትድከሙ!»
ዘይቷ ግን ስም የላት፤ በጓሮ በር ትገባለች፤
ጸሐፊው ሳያያት ጎተራ ውስጥ ትተኛለች።
ሆድ ሲነሣ፣ መዝገቡ ባዶ፣ ጎተራው ደግሞ ሙሉ፣
ግራ ገብቶት ዝም ይላል፤ ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ።

«ሆድ አይሸወድም» አለ ሌስተር፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤
«ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ አባቴ፣ የድንች ልጣጭ ቀቅሎ፣
ሥጋ ነው ቢለን፣ ዓይናችንን ጨፍነን በላን፤
ሆድ ግን ያውቃል፤ ሌሊቱን ሲጮህ አነቃን።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ዓሣዬን አየ፤ ግማሹ ሳይነካ፤
ዓይኑ ከሣህኔ አልነቀል አለ፣ ልቡ ሳይረካ።
ያልተበላ ሣህን ለሱ ስድብ ነው፤ ከዚያም ባሻገር፣
«አልፈልግህም» ማለት ነው፣ በሱ ቤት አነጋገር።

እውነቱን ልናገር?
ምናልባት ነገሩ የዘይት አይደለም፤
አፍ የምዘጋባት ያቺ ሁለት ሰዓት ናት፣ ሌላ ምንም የለም።
የክሊኒኳ ነርስ ትከሻዋን ሰበቀች፤
«ደምሽ ደህና ነው፣ ኪሎሽም ወርዷል፤ ሌላውን እንጃ» አለች።
እኔ የማውቀው፣ ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ይዤ፣
ከዳቦ ቤት እስከ ዳቦ ቤት በረሃብ ካርታ ተጉዤ፣
በየማዞሪያው የኬክ፣ የአይብ ደወል ሲደወል፤
አሁን መንገዱ መንገድ ብቻ ነው፤ ዛፉም ዛፍ ይመስላል።
ግን አንዳንዴ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ የታለ ያ ውሻ?
ሳይጮህ ሲውል ጆሮዬ ይፈልገዋል፣ ሳልሻ።

ማክሰኞ፣ ያው ሐይቁ ዳር፣ መቆንጠጫዬን እንደሰካሁ፣
የበሩ መስታወት ተንኳኳ፤ ዞር ስል፣ አንድ ልጅ አየሁ።
እናቱ ጋሪ እየገፋች ከኋላ ነች፤ እሱ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤
አፍንጫዬን አየ፣ ማንኪያውን አየ፣ በሩን ስከፍተው፣
«ምንድን ነው የሚሸተው?»
መቆንጠጫው አፍኖኝ፣ ድምፄ የዳክዬ፣
«ምንም» አልኩት።
አሰበ። አየሩን ሳብ አደረገ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ፣
የራሱን አፍንጫ ያዘ።