ግድግዳው ያልበዋል

ከወደቡ ጫፍ ላይ፣ ከመረቦች ማዶ፣
ቆሟል አሮጌ ቤት፣ መስኮቱ ተጋርዶ፤
የሰርዲኒያ ነፋስ ፊደሉን በልቶበት
«ሙዚየም» ከሚለው «ሙ» ብቻ ቀርቶበት።

ቁልፉ ዛሬም አለ፣ አንቲዮኮ ኪስ ነው፤
ጡረታ ሲወጣ መልስ ያለው ማን ነው?
ጠዋት ጠዋት መጥቶ፣ በጎን በሩ ገብቶ፣
አንድ ጣቱን ልሶ፣ ግድግዳውን ነክቶ፣
ይቀምሰዋል ደግሞ፤
«አለህ ወይ?» ይለዋል፣
እንደሚጠይቁት ሰው፣ ሰንብቶ ታሞ።

መጀመሪያ ጨው ነው ያደረው እዚህ ቤት፤
ከሐይቁ ዳር ዝቀው፣ እግራቸው በብረት፣
እስረኞች ያመጡት፣
በጀርባ በጀርባ እስከ ጣራው ድረስ የከመሩበት።
ጨዉ ተመዘነ፣ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤
የተሸካሚው ላብ ግድግዳ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወታደር ገባ። ከዚያ በጦርነት
ጎጆው በቦምብ የፈረሰበት
ሁሉ ከነፍየሉ ተጠለለበት።
አንዲት እርጉዝ ነበረች፣ ወለደች ከጥጉ፤
ገለባ አነጠፉ፣ ጥቂት ዘይት ፈለጉ።
ልጁን አንቲዮኮ አሉት።

ጦርነቱ አልፎ ምሁራን መጡና
ከባሕሩ ወለል፣ ከእርሻ፣ ከጎዳና
ጋን አወጡ ትልቅ፣ ከነወይኑ አተላ፣
የነሐስ ቀስተኛ፣ ክንዱ የተበላ፣
የሕፃን መቃብር ከሸክላ ፈረሱ፤
ይህም የተቀመጠው እዚያው ጥግ ነው፣ እሱ
አንቲዮኮ ዓይኑን የገለጠበት።
ዘበኛ አድርገው ቀጠሩት፤
አርባ ዓመት ሙሉ፣ በመስተዋት በኩል፣
የተወለደባትን ክንድ ከስንዝር ጠበቀ።

ቦናሪያ ናት ያየች፣ ዕቃ ጠጋኟ፤ ሰኞ።
ከጋኑ አንገት ላይ ነጭ ነገር አብቦ።
«አቧራ ነው» አለች፣ በብሩሽ ጠረገች።
ማክሰኞም አበበ።
ረቡዕ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰች፤
ቁጭ አለች ከዚያ፣ ብዙ ዝም አለች።

መዝገብ ያልጻፈው ላብ ራሱን ሊያስቆጥር
ከድንጋዩ ወጥቶ በሌሊት ሲሻገር፣
ሸክላው ተላላጠ፣ ነሐሱ ሻገተ፣
የፈረሱ ጆሮ ዱቄት ሆኖ ሞተ።
ጨው ለራሱ ብሎ ይጣፍጥ ቢባልም፣
ድንጋይ ጨው ሲሆን ግን የነገረን የለም።

ጫኗቸው በመኪና፣ በጥጥ ጠቅልለው፣
አየሩ በማሽን ወደሚለካበት፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው።
አንቲዮኮን የጠቀለለው የለም።

ባለፈው ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ እዚያ ፀሐይ ነው።
«ቅመስ» አለኝ እኔንም። ጨው ነው። ሌላም የለው።
«አንገት ነው» አለኝ እሱ፣
«ጆንያ የተሸከመ።»
ከዚያ በሩን ዘጋ፣ ቁልፉን ኪሱ ጨመረ፣
ጣቱን ሱሪው ላይ ሳይጠርግ።