ልክ

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ከባቡሩ ማዶ፣
ጋይሎ ከተማ ላይ፣ ሳይጥል በረዶ፣
ሲግሪ ሱቅ ገባን፣ እኔና አባቴ፤
እሱ ለምክር ነው፣ እኔ ለጀርባዬ፣ ለባቴና ለቁርጭምጭሚቴ።

የአጋዘን ፈቃድ ወጣልኝ በስሜ፣
መነጽር በጀመርኩ፣ በአርባ ሦስት ዕድሜ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሱ ነበር ዕጣ፣
ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ።

የሱ ሻንጣ ብረት ነው፣ የቱቦ ክፈፍ ያለው፣
እኔን በሁለት ዓመት የሚበልጠው።
ሸራው ላይ የቆየ የደም ካርታ አለ፣
እናቴ ብታጥበው፣ ብታጥበው፣ አልለቅም ያለ።
ቡቱም እንደዚያው ነው፣ ድንጋይ የመሰለ ቆዳ፤
በዓመት በዓመቱ ስብ ይጠጣል፣ ይስተናገዳል እንደ እንግዳ።

«ይሄ እያለ» አለኝ፣ «ገንዘብ ለምን ይወጣል?
ይሄ ቡት ዳገቱን ያለ ሰው ይወጣል።»

አጠለቅሁት። ጣቴ ውስጡ ዋኘ፤
ተረከዜ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ወዳጅ እንዳላገኘ።
ውስጡ የእግሩ ቅርጽ አለ፣ እንደ አሮጌ አልጋ፤
የአውራ ጣቱ ጉድጓድ፣ ሌላ ሰው የማያስጠጋ።

ሲግሪ ዝም አለች። (ሲግሪ ዝም ስትል ዋጋ ትጨምራለች፣
ይላል አባቴ።) የዚያን ቀን ግን አሸዋ መዘነች፤
ሃያ ሁለት ኪሎ፣ በከረጢት ሞልታ፣
ጀርባዬ ላይ ጫነች፣ አንዱን ቦርሳ ፈትታ።
«ደረጃውን ውጪ።» ወጣሁ። «ውረጂ።» ወረድኩ።
«ትከሻሽ ነው ወይስ ዳሌሽ የተሸከመው?» «ትከሻዬ።» «ተይው።» ለወጥኩ።

«ሰው መሄጃውን ያያል፣ ሻንጣ ሲመርጥ፤
እኔ መመለሻውን ነው የምሸጥ።
ሲኬድ ዳቦ ነው፣ ድንኳን ነው፣ ቀላል ዕቃ፤
ሲመለስ ሥጋ ነው፣ እርጥብ፣ ገና ሙቀቱ ያላበቃ።»

አምስተኛው፣ አረንጓዴው፣ ሲቆለፍ ቀበቶው፣
ዳሌዬ ሸክሙን አቀፈው፤ ትከሻዬ ረሳው።

ቡቱን ግን ከሰዓት በኋላ ነው የለካነው፤
«እግር ሲመሽ ያብጣል፤ የጠዋት እግር ዋሾ ነው።»
ጣውላ ላይ አቆመችኝ፣ ወደ ታች አዘንብላ፤
«ጣትሽ ጫፉን ከነካ» አለች፣ «ጥፍርሽ በቁልቁለት ተበላ!»
ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። አልነካም።
ዋጋውን አየሁት። እሱን መናገር አይጠቅምም።

አባቴ ወንበር ላይ፣ ቡቱን ታቅፎ ጭኑ ላይ፣
ክሩን ፈትቶ ያስራል፣ አስሮ ይፈታል፣ እኔን ሳያይ።
«እንዲህ ያለ ቆዳ ዛሬ የት ይገኛል?» «ልክ ነህ» አልኩት።
«ብረቱም አይሰበርም።» «ልክ ነህ።» «ታዲያ?» አለኝ። ፈራሁት።
አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ፈልጌ፣
እዚያ ቆሜ መጣልኝ፣ አንድ እግሬን ቡት፣ አንድ እግሬን ካልሲ አድርጌ፤

«ልክ ነህ፣ አባዬ፣ በሁሉም።
ልኬ ግን አይደለህም።»

ሳቀ። ወይም ሳለ፤ ከጢሙ ኋላ አይለይም።
ሲግሪ ደረሰኙን ጻፈች፤ ቀና ብላ አላየችም።

*

አራተኛው ቀን ነው። ጉም ነው። ከምዕራብ ነፋስ።
መንጋው የድንጋይ ሽበት ይላጫል፣ ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ።
በሆዴ ተሳብኩ። አንዲት እንስት ለብቻዋ ቆመች።
አንዴ ተኮስኩ። ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ሦስተኛውን ተወች።

ከዚያ ቢላ፤ ከዚያ እጄን በምንጭ፤ ከዚያ ሸክም።
የአሸዋውን ኪሎ አልፏል፣ ሲግሪ ባታየውም።
ቀበቶው ነከሰኝ። ተነሣሁ። ጉልበቴ አጉረመረመ፣ ተናገረ።
ረግረጉ ቡቴን ሳመው፣ ጠባው፣ ተፋው፤ ካልሲዬ ደረቅ ነበረ።
የግራ ተረከዜ ግን ውሃ ቋጠረ፣ አተር ያህላል።
(ይህን ለአባቴ አልነግረውም፤ ደስ ይለዋል።)

በሁለተኛው ምልልስ፣ ቁልቁል ስጎተት፣
አንድ ድንጋይ አገኘሁ፣ የወገብ ያህል ቁመት፤
ሽበቱ ላይ ሁለት ጭረት፣ ጎን ለጎን፣ የብረት ጥርስ።
የድንጋይ ሽበት ቶሎ አይበቅልም። እዚህ ነበር የሚያርፈው፣ ሲመለስ።

ነግሮኝ አያውቅም።

ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ሸክሙን ከሥር ያዘልኝ፤
ያ አሮጌ ድንጋይ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ልክ ልኬን ነገረኝ።