የበረዶ ግብር

አባቴን በቀበርን በሦስተኛው ዕለት
የመሣሪያውን ሣጥን ጎትቼ ከፈትኩት፤
መሮው እንደ ምላጭ፣ መጋዙ ከነቅባት፣
ጥግ ላይ ያረጀ ፔርሙዝ፣ ሻይ የደረቀበት፣
በክዳኑም ውስጥ በእርሳስ የጻፈበት፦
«ላክላን ማኪንታየር፣ አናጢ። ሣጥኔን አትንኩት።»

ስሙ በጥንቱ ጌልኛ «ማክ አን ቲር» ነው፤
የአናጢው ልጅ ማለት፣ ነገሩ ይኸው ነው።
ቄሳችን ሲቀልዱ፦ «በናዝሬትም አንድ ነበር፣ ዘመዳችሁ ነው።»
እኔስ? እኔ ሾናድ፣ ፖስታ ሳድል ኖሬ፣
በካርቶን የመጣ ወንበር ስገጥም አድሬ፣
ሦስት ቡሎን ተረፈኝ፤ ይነቃነቃል እስከ ዛሬ።

ሲወራ የኖረው እንዲህ ነው ከጥንቱ፦
አንድ አናጢ ነበረ፤ ማን እንደሁ አባቱ
ማንም አያውቅለት። ጀልባው ተሸንቁሮ
በምዕራቡ ባሕር፣ ማዕበሉ አጓርቶ፣
ጌታው ስለት ሲሳል፣ ቀዛፊው ፈዝቶ፣
እሱ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ፣
ደግሞ ለመቅዘፊያው እጁ ቢያስፈልገው፣
በያዘው መጥረቢያ ከሥሩ ቆረጠው።
ጣቱ እዚያው ቀረና ውሃውን አገደው።
እንግዲህ እንዲህ ነው፣
አውራውን ያጣ ሰው ለዘር አውራ የሆነው።

እውነት ነው? እንጃ። አባቴ ሲያወራው
አውራ ጣቱን አጥፎ መዳፉ ውስጥ ሲሰውረው፣
አራት ቆጥረን ስንጮህ፣ ሣቁ ነው ደስ የሚለው።

ኋላ በኖ ሸለቆ፣ ርስቱ ለሌላ ተፈርዶ፣
የሰኔ ግብራቸው አንድ ጭብጥ በረዶ፣
አንድ ነጭ ጥጃም። ጎረምሳው ማልዶ
ፀሐይ ካልነካው የክሩአካን ገደል ሄዶ
በሱፍ ጠቅልሎት ይሮጣል ቁልቁል ወርዶ።
አንድ ቀን ግን ጌታው፦ «ይብቃን ይህ ጨዋታ፣
በገንዘብ ይሁን» አለ፣ ያውም በእርጋታ።
በረዶ ይቀልጣል፤ ገንዘብ ግን ይወልዳል፤
ልጁም በተራው ወልዶ ሰው ከቤት ያሳድዳል።

በዚህ ስም ዳኛም፣ ጄኔራልም አለ ይባላል።
የኛ ቤት ዝነኞች ሌላ ናቸው፤
መጽሐፍ አይደለም፣ ጓዳ ነው የሚያውቃቸው።
ፊንሌይ ኖቫ ስኮሺያ ሲሄድ በመርከብ ሆድ፣
ጸሐፊው ከስሙ አንድ ፊደል አጎደለበት፤
በዚያችው ጉድለት ሰባት ልጅ ወለደባት።
አጎቴ ሂዩ በረኛ፤ ፍጹም ቅጣት ምት
አንዴ በአውራ ጣቱ መልሶ ሰበራት፤
ጋዜጣው የጻፈለት ሁለት መስመር ናት፣
እናቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እስክትሞት አቆየቻት።

ኤፊን ግን አየኋት፣ የአያቴን እኅት፣
ባቡር እየተከተለች ከወደብ ወደብ ስትዞር የኖረች፣
የሄሪንግ ዓሣ ሆድ በቢላ ስትቀድ ያረጀች።
ጨው ቁስል እንዳይገባ አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠምጥማ፣
ሥራው ካለቀ ከሠላሳ ዓመት በኋላም፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ፣
መዝሙር ሲዘመር ጣቷን በመሐረብ ትጠመጥም ነበር፤
ማንም አልጠየቃትም። ሳልጠይቃት ቀረሁ፣ እኔም እንደ ሰፈር።

ሰኔ ሲጋመስ፣ ከወንድሜ የልጅ ልጅ ከማርሳሊ ጋራ
ፔርሙዙን አንጠልጥለን ወጣን ወደ ተራራ።
በሰሜን ጉያው ውስጥ፣ ድንጋይ የጋረደው፣
አንሶላ የሚያህል፣ አፈር የጠገበው፣
በረዶ አገኘን። እየዛቅን ሞላነው።
ቁልቁል ስንወርድ ግን ግብር ተቀባይ የለም፤
በጎች፣ የፈረሰ ካብ፣ ሌላ ምንም።
ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዝገት የበላው
የፔርሙዙ ቂጥ ነው።
ልጅቱ፣ ተረቱን ገና ያልነገርኳት፣
አውራ ጣቷን ወስዳ ቀዳዳው ላይ ደገፈችበት።
«በረደኝ» አለች።
ጣቷን ግን አላነሣች።