ዝም ካለ ንፋስ ይምጣ

በጥር ሦስተኛው እሁድ፣ ከግንቡ በር ፊት ለፊት፣
አራት መቶ አራቷ ፔጆ ፈላች ከነሙሽሪት።
ጡሩምባ ከኋላ ይጮሃል፤ ሚዜው ኮቱን አውልቆ
ራዲያተር ያራግባል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ።
ሙሽራዋ ሳቀች፤ ቬሎዋን ሰብስባ ባጃጅ ያዘች።
ፔጆዋ ቀረች፣ እየተንተከተከች።
አቶ አዛናውም ቀሩ፣ ከአሮጊቷ መኪና ጋር፣
ኮፈኑን ተደግፈው፣ እንደ አስታማሚ፣ ካልጋ ዳር።

ሰኞ በገመድ ተጎትታ አውቶፓርኮ ደረሰች።
«ፋብሪካው» አሉኝ «ልጄ፣ ለማራገቢያዋ ማግኔት ሰጥቷት ነበር፤
በሙቀት የሚጨብጥ፣ በብርድ የሚለቅ፣ የሚያስገርም ምስጢር።
ካርቦኑ አለቀ፤ ምትኩ ከገበያ ጠፋ፤
አንዱ በሽቦ አሰረው፤ ሌላው ፈትቶ አከፋ።»

ከተጋጨ ሱዙኪ የወለቀ ማራገቢያ ገጠምሁላት፤
ከመሪው ሥር ማብሪያ አበጀሁ። «ሲሞቅ ይጫኑ» አልኋቸው።
ሰው ግን ሰው ነው፤ አዘዞ መንገድ ላይ ወዳጅ አገኙ፤
መርፌዋ ቀዩን ስትነካ የበግ ዋጋ ላይ ተገኙ።
ሁለተኛ፣ ርካሽ ቴርሞስታት ገዛሁ፣ ያለ ሪሌ አገናኘሁ፤
ያን ሁሉ አምፔር ጥፍር በምታክል ምላስ አሳለፍሁ።
በሦስተኛው ሳምንት ቀልጣ ተጣበቀች። እኔም አፈርሁ።

መጽሐፏ «በዘጠና አምስት ይነሳ» ይላል፤
የጻፈው ሰው ከባሕር ጠረፍ ሳይኖር አይቀርም፤
እኛ ጋ፣ ከደጋው ላይ፣ ውሃ በዘጠና ሦስት ይፈላል።
ክዳኑ ያረጀ ራዲያተር ግፊት አይቋጥርም፤
መጽሐፉ «ገና ነው» ሲል፣ ውሃው አስፋልት ላይ ፈሷል።

ከሆስፒታል ቴርሞሜትር ብለምን ነርሷ ሳቀችብኝ፤
«አርባ ሁለት ላይ ያበቃል፤ የሰው ትኩሳት ልኩ ያ ነው» አለችኝ።
ረጅሙን ከኬሚስትሪ መምህሩ ከእንየው ተዋስሁ፤
ሴንሰሩን በክር አንጠልጥዬ በድስት ቀቀልሁ።
ባሌ ክዳኑን ገልጦ «የምን ወጥ ነው?» ቢል፣
«ጨው አልገባበትም» አልሁት፣ ዓይኔን ከቁጥሩ ሳልነቅል።
በሰማንያ አራት ይነሳ፤ በሰባ ስምንት ይረፍ።
ስድስቷን ዲግሪ በመሃል ተውሁለት፣ ትንፋሽ እንዲተርፍ፤
አለዚያ እንደ ነገረኛ ጎረቤት፣ በር ሲከፍት ሲዘጋ ነው የሚውል።

ማሳውን ከሻሲው አሰርሁ፣ ዝገቱን እስከ ነጩ ፍቄ፤
ገበሬ አባቴን አስታወስሁ፣ በቃሉ ለብቻዬ ስቄ፤
እኔም እንደ እሱ፣ ያለ ማሳ ምን አለኝ?

ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ነገሩን በሐሳቤ ገለበጥሁት።
ሴንሰሩ «ሞቀኝ» እስኪል መጠበቅ ምን ያደርጋል?
የታመመ ሁሉ መች ይናገራል?
«ደህና ነኝ» ይበል እንጂ፣ ሳያቋርጥ፣ በቀጭን ሽቦ፤
ያ ቃል እስከደረሰው ሪሌው ንፋሱን ይያዝ ከብቦ።
ሽቦው ቢበጠስ፣ ፒኑ ቢዝግ፣ ቃሉ ቢቀር፣ ቢታጣ፣
ዝም ካለ፣ ንፋስ ይምጣ።

«ፊውዙ ቢቃጠልስ?» አለኝ ረዳቴ፣ ትንሹ ጓዴ።
እውነቱን ነው። ከመርፌው ጎን ቀይ መብራት ጨመርሁ፤
ሙሉ መልስ ግን አልነበረኝም።

ክረምቱ ገባ። በነሐሴ ጭጋግ፣ በማለዳ፣ መጡ፣
በብርድ ይሁን በንዴት እየተንቀጠቀጡ፦
«ገና ሳትሞቅ ይዞራል! ተበላሸ!»
ኮፈኑን ከፈትሁ። ሽቦዋን አይጥ ቆርጥሟታል።
«አልተበላሸም» አልኋቸው፤ «ጠባቂው ዝም ስላለ ነው።»
ብዙ ቆሙ። የተበላውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱት።
ሚስታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት፤ ልጃቸው መተማ ነው ሥራው፤
ግቢው ሰፊ፣ በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር።
«እሁድ እሁድ» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ሽቦዋ እያዩ፣
«ደህና ነኝ ብዬ ልደውልልሽ፣ ካላስቸገርሁ።
ካልደወልሁ ግን...»
ኮፈኑን ቀስ አድርገው ዘጉት። ሂሳቡንም ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ዛሬ እሁድ ነው። አራት ሰዓት አልሞላም።
ስልኬን ከፒንሳው አጠገብ አስቀምጫለሁ።