ሰባ ሁለት ኪሎ

"ማነው ያሰለጠነሽ፣ ሰዓዳ?" አለችኝ ኮች ራና፣
ቁልፏን ረስታ ኖሮ በሌሊት ተመልሳ መጣችና።

ሐወሊ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፋርማሲው በላይ፣
መስኮቱ ተሸፍኖ ውጪው ውስጡን የማያይ
የሴቶች ጂም ነው፤ እኔ ጽዳት ነኝ።
ቀን የሰው ላብ ስጠርግ እውላለሁ፣
መስታወቱን፣ ምንጣፉን፣ የብረቱን እጀታ እወለውላለሁ፤
ማታ አራት ሰዓት በሩ ሲዘጋ
መወልወያዬን ባልዲው ላይ ትቼ፣ ወደ ብረቱ ጠጋ።

"ጀርባሽ ቀጥ ያለ፣ ጉልበትሽ የታጠፈ፣
ብረቱ ከደረትሽ ስንዝር ያላለፈ፤
ይኼን ለመልመድ ሰው ስንት ዲናር ከፍሎ ነው፤
አንቺ ግን ንገሪኝ፣ አሰልጣኝሽ ማነው?"

ምን ብዬ ልንገራት?
ማማ ሉልዋ ናት።
ሰባ ሁለት ኪሎ፣ ቀኝ ጎኗ የሰለለ፤
ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሐማም፣ ከእኔ በቀር ሌላ የለ።
በቀን ዘጠኝ ጊዜ፣ በሳምንት ስልሳ ሦስት፣
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አርብ እንኳ የማያርፍ ስፖርት።

በመጀመሪያው ወር በወገቤ አንሥቼ
ሦስት ቀን ሰነበትኩ ወለል ላይ ተኝቼ።
ከዚያ ወዲያ ተማርኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣
እጇን በአንገቴ ጠምጥሜ ደረቷን ከደረቴ አጣበቅኩ፣
አየር ስቤ "ያ አላህ!" ብዬ ተነሣሁ።
እሷ በጆሮዬ "ሽወይ፣ ሽወይ" ትላለች፤
እንዳትወድቅ ነው፣ ወይስ እንዳልወድቅ? እስካሁን አላወቅሁ።

ምግቤንማ አታንሺው።
ቤቱ ሲተኛ፣ ቆሜ፣ እኩለ ሌሊት፣
ከትሪ የተረፈ መጅቡስ፣ ሥጋው ያለቀበት፤
ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር፣ ቴምር በእፍኝ በእፍኝ፣
ሆዴ እየተነፋ፣ ጉልበቴ እያለ "ተይኝ"።
አንድ ጠዋት ክንዴ ሲንቀጠቀጥ አየች፤
በደህናዪቱ እጇ እርጎዋን፣ ቅቅል እንቁላሏን ገፋችልኝ፣
"ብዪ" አለች፣ "እንዳትጥዪኝ።"
የምግብ ዕቅዴ ይኸው ነው፤ ሌላ አልተጻፈልኝ።

እናንተ ዘንድ፣ ራና፣ ብረት ይጨመራል፣
በሳምንት ሁለት ኪሎ፣ ደብተር ላይ ይሰፍራል።
የእኔ ግን ቀነሰ።
ስልሳ አራት። ሃምሳ ሦስት።
ክንዴ እየጠና ሲሄድ ሸክሜ እያነሰ፤
በመጨረሻው ረመዳን አርባ አንድ፤
በአንድ እጄ አቅፌያት በሌላው አንሶላ ስቀይር
ጉልበት ተርፎኝ አለቀስኩ።

ይኼን ሁሉ አልነገርኳትም። የእኔ አረብኛ የወጥ ቤት ነው።
"ማማ" አልኩ፤ "ማማ አስተማረችኝ።"
"እናትሽ ብረት ታነሣ ነበር?" ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።
"ከባድ ሴት ነበረች" አልኳት።

ከዚያ ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ፦ ሳልመን፣ አቮካዶ፣
የጣሳ ፕሮቲን፣ አሥራ ስምንት ዲናር።
ሳቅሁ። በአሥራ ስምንት ዲናር
የእህቴ ልጅ ስንት ወር ትማር!
ምስር አለኝ፣ ሽሮ አለኝ፣ እንቁላል በሠላሳ፤
ስኳሩን ከአራት ወደ አንድ አውርጄዋለሁ፣ ቢከፋኝም ሳልረሳ፤
እሷን አንዷን ግን ኮችም ብትመጣ አልሰጥም።

ያረመችኝ አንድ ነገር ብቻ፦ "እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ፣
ለምን እንዲህ ትከፍቺዋለሽ?"
ዝቅ ብዬ አየሁ። በሁለቱ እግሮቼ መሀል
የዊልቸሩ ጎማ ቦታ ነው።

ሰበሰብኩ።
ከዚያ በግራም በቀኝም ብረት ጨመርኩ፣ ቆጠርኩ፤
ሰባ ሁለት ላይ አቆምኩ።
ያ አላህ።

ቆሜያለሁ። መስታወቱ ውስጥ ፊቴ ቀልቷል።
"ጎበዝ! በቃ ልቀቂው" አለች፣ "ወለሉ ጎማ ነው፣ ጣዪው!"
እውነቷን ነው፤ ቀን ቀን ሁሉም ይጥለዋል፣
የፋርማሲው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ጉልበቴን አጠፍኩ፤
ሽወይ፣
ሽወይ፣
ኮሽ ሳይል አስተኛሁት፣
መዳፌን ከሥሩ ቀስ ብዬ ሳብኩ።