ስታዲየም፤ ወራጅ አለ?

አቶ ምትኩ፣ እኔን አያውቁኝም።
ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ከካታንጋ ሥር፣
ከጫማ ቤቱ ጎን፣ ጎንበስ ብለው በሚገቡባት በር።
የቆመ ሰዓት ከፍቼ አቧራውን እፍ እላለሁ፣
ባትሪ እቀይራለሁ፣ ማሰሪያ እበሳለሁ።
እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ጣሪያዬ ሲረገጥ፣
የግድግዳው ሰዓት ሁሉ ሲንቀጠቀጥ፣
ብሎኖቼን በጨርቅ ቋጥሬ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣
እወጣ ነበር፣ ወይን ጠጅ ሻርፔን ከመሳቢያ ፈልጌ።

ያኔ ፍልውሃ ፍል ውሃ ነበር፤ ስሙ ራሱ ያቃጥላል፤
ሚስማር ተራ ሲጀምር ከማን አንሼ ይቀበላል፣
የጫንያለው ጥሩምባ ለገሃር ድረስ ይሰማል፤
ቆሎ ሻጯ ወይዘሮ የሺመቤት ሳይቀሩ
ጎል በገባ ቁጥር አንድ ስኒ እየጨመሩ...

ኋላ እርስዎ መጡ።
በመጀመሪያው ዓመት «ቡድን እየገነባን ነው» አሉ፤ አመንን።
በአራተኛው «ዳኛው ነው» አሉ፤ እኛም ዳኛውን ሰደብን።
በሰባተኛው «ሜዳው ነው፣ ዝናቡ ነው»፤
በዘጠነኛው «ደጋፊው ነው»።
ፍል ውሃው ለብ አለ፤ ለብ ያለው ቀዘቀዘ፤
አጥሩ ላይ የሰቀልነው ባንዲራ ዝናብ ጠጥቶ ፈዘዘ።

ዘጠኝ ዓመት፣ አሥራ አንድ አሰልጣኝ፤
አንዱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከሰርቢያ፣
ሁሉም በአበባ ገብተው ወጡ በማስጠንቀቂያ።
«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይል ነበር አባቴ፤
አሥራ አንድ ዳውላ ቆጠርኩ፤ አለቀብኝ ጣቴ።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ በረኛው ረመዳን መጣ፤
ያን ቁመቱን አጥፎ ገብቶ፣ ሰዓት ከኪሱ አወጣ።
«በስንት ትገዛኛለህ?»
የክለቡ አርማ ያለበት፣ እርስዎ በእጅዎ የሸለሙት፣
ፍጹም ቅጣት ምት ባዳነ ቀን ካሜራ ፊት ያሰሩለት።
አምስት ወር ደመወዝ የለም፤ የቤት ኪራይ ደርሷል።
ከፈትኩት።
አቶ ምትኩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት ከፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም፦
ከላዩ ወርቅ ቅብ፣ ከውስጡ ፕላስቲክ፣
ጥርሱ ያለቀ መዘውር፣ በሙጫ የተለጠፈ ልክክ፤
ድምፅ አለው፣ ጊዜ የለውም።
ለረመዳን አልነገርኩትም።
«ጥሩ ሰዓት ነው፤ አትሽጠው» ብዬ፣ ሁለት ሺህ ብር አበድሬ ሸኘሁት።
ዋሸሁት። ልጄንም እንዲሁ ነው፣ «የኛ ቡድን» እያልኩ ያሳደግሁት።

ለጠቅላላ ጉባኤው ካዛንቺስ ሄድኩ፣ ሆቴሉ ድረስ፣
የአባቴን መታወቂያ ይዤ፤ ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት፣
ጠርዙን ብል በልቶት፣ ከፎቶው ጢሙ ብቻ የቀረለት።
ዘበኛው «ዝርዝሩ ውስጥ የለህም» አለኝ።
በመስታወቱ አየሁዎት፦ አዲስ ወንበር፣ ጀርባው የሚያጋድል፣
ውሃ በጠርሙስ፣ ጭብጨባ፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚሉት ድል።
ሪፖርቱ ሰባ ገጽ ነው አሉ፤
«ግብ» የምትል ቃል ሞልታበታለች፤ መረብ ያላት ግን አንድም የለች።

ሰኔ ላይ ወረድን።
ተጫዋቹ ወረደ፤ ማልያው ወረደ፤
የጫንያለው ጥሩምባ ከግድግዳው ወርዶ ከቆራሌው ጋር ሄደ።
የትኬት ዋጋ ብቻ አልወረደም፤
እርስዎም አልወረዱም።
ስምዎ ምትኩ ነው፤ ምትክዎ ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም።

ትናንት ማታ ከሜክሲኮ በታክሲ ስመለስ፣
ዝናብ ነበር፤ መስኮቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣ ጉልበት ከጉልበት ተጣብቆ፣
ረዳቱ፣ አፍላ ልጅ፣ ከበሩ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦
«ስታዲየም፤ ወራጅ አለ?»
ማንም አልመለሰም።
መውረጃዬ እዚያው ነበር፤ በሬ፣ ብሎኖቼ፣ ሻርፔ ከመሳቢያው ጥግ፤
ግን ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ቃል የኔን መውረድ አልነበረም የሚፈልግ።
«አባባ፣ ወራጅ አለ ወይ?»
«አለ» አልኩ በመጨረሻ።
«አለ፤ ግን አልወርድ አለ።»

ልጁ ግራ ገብቶት ሳቀ፤ መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ በሩን ገፋው።
ዝናቡ ውስጥ፣ እንደ ሁልጊዜው፣
እኔ ወረድኩ።